ከኋላ የሚሄደው ሻምበል

ሻምበል ሙህዬ መሞቱን የነገረኝ ኑርዬ ነው። ኮምቦልቻ ሱቄ ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ የመጋረጃ ጨርቅ እየለካሁ ሳለ ደወለ። «ሰይድ፣ ሻምበል ሄደ» አለኝ። ሻምበል ሳይናገር ብድግ ብሎ የመሄድ ልማድ ስለነበረው «ወዴት?» አልሁት። «ኢና ሊላሂ በል» አለኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ደንበኛዬ ፊቴን አይታ ጨርቁን ራሷ አጣጥፋ መደርደሪያው ላይ አኖረችልኝና «አላህ ያጥናህ» ብላ ወጣች።

ልቡ ነው አሉ። ሐይቅ ከተማ፣ በዘበኝነት የሚሠራበት ወፍጮ ቤት በር ላይ፣ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ። እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሰው ሰላም ቢለው አልመለሰም፤ በመስሚያው በኩል ያልተናገረ መስሎት ዞሮ ደግሞ ሰላም አለው። የግራ ጆሮው እንደማይሰማ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር።

እኔ ግን ያወቅሁት እዚህ አገር አይደለም። ያወቅሁት ሳዑዲ አረቢያ፣ ጂዛን ነው፣ የየመን ጦርነት በተጋጋለበት ጊዜ፣ በፈይፋና በአድ-ዳኢር መካከል ባለ ተራራ ላይ። ከዚያ ተራራ ሆኖ ወደ ደቡብ ለሚያይ ሰው የመን ፊት ለፊት ናት፤ ድንበሩ ከእግር በታች ያለው ሸለቆ ነው። አራት ነበርን። እኔ፣ ኑርዬ፣ ጀማልና እሱ። ሁላችንም የወሎ ሰዎች ነን፤ ሁላችንም ባሕር ተሻግረን በየመን በኩል የገባን፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት የሌለን። ወረቀት የሌለው ሰው ከተማ አይወርድም፤ እዚያው ተራራ ላይ ይሠራል፣ እዚያው ያድራል። የምንሠራው ለአንድ ሳዑዲ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌን ሼባ ስለሚሉ እኛም «ሼባው» እንለዋለን። የቡና እርከኖቹን እንኮተኩታለን፣ ዝናብ ያፈረሰውን ካብ እንክባለን፣ ፍየሎቹን እንጠብቃለን።

ሻምበል ሲመጣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በዚያ ዕድሜ ያን ባሕርና ያን በረሃ ያቋረጠ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። ረጅም ነው፣ ሥጋ የሚባል የለውም፤ ሲያዳምጥ ቀኝ ጆሮውን ወደ ሰው አዙሮ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፤ ለማያውቀው የተቆጣ ይመስላል። የመጣ ቀን «ሙህዬ እባላለሁ፤ ድንጋይ መካብ እችላለሁ» አለ፤ ስለ ራሱ ሌላ ነገር አልተናገረም። ጀማል አንቱ ቢለው ከለከለው። «አብሮ ድንጋይ የሚሸከም ሰው አንቱ አይባባልም» አለ። ከዚያ ወዲያ ሁላችንም አንተ አልነው፤ መጀመሪያ መጀመሪያ አፋችንን እየያዘንም ቢሆን።

ወታደር መሆኑን ያወቅነው በመድፍ ነው። ከወዲህ ያለው የሳዑዲ ጦር ወደ የመን ይተኩሳል፣ ከወዲያ ያሉት ደግሞ ወደዚህ ይተኩሳሉ፤ እኛ መሐል ነን። አንድ ጠዋት ቡና እየለቀምን ሳለ ተራራው ተናጋ። እኔ፣ ጀማልና ኑርዬ በሆዳችን ተደፋን። ቀና ስንል ሙህዬ ቅርጫቱን እንዳነገተ ቆሟል፤ እጁ እንኳን ከቅርንጫፉ አልተነሳም። «ሂያጅ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ለእኛ ጆሮ ከመጀመሪያው የተለየ አልነበረም። እሱ ግን ቅርጫቱን ጥሎ «መጪ!» ብሎ እኔን ከነልብሴ ጎትቶ ካቡ ሥር ጣለኝ። የመድፉ ጥይት ከእኛ ሁለት እርከን ዝቅ ብሎ ወደቀ። አፈሩ ከላያችን ሲራገፍ ጀማል ጠየቀው።

«ወታደር ነበርህ?»

«ነበርሁ።»

«ምን ነበርህ?»

«ቃኚ» አለና ቅርጫቱን ሊያነሳ ሄደ።

ማዕረጉን ያወጣጣው ኑርዬ ነው፤ ኑርዬ ከድንጋይም ወሬ ያወጣል። በደርግ ጊዜ ሰሜን ግንባር የቃኚ ቡድን መሪ ነበር፤ መቶ አለቃ ሆኖ ጀምሮ ጦሩ ሲበተን ሻምበል ነበር። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ ታስሯል፣ የቀን ሥራ ሠርቷል፣ ግንበኛ ሆኗል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻምበል ስንለው አይወድም ነበር። «ሻምበል የሚባለው ጦር ሲኖረው ነው፤ እኔ ያለኝ ፍየል ነው» ይላል። እኛ ግን አልተውነውም።

በጠባብ መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው። ጀማል አንድ ቀን፣ መሪ የነበረ ሰው እንዴት ከኋላ ይሄዳል ብሎ ቀለደበት። ሻምበል በቁም ነገር መለሰለት፤ «ፊት ያለው መንገድ ያያል፤ ኋላ ያለው ሰው ያያል» አለው። ስንቆም እየዞረ የእያንዳንዳችንን ትከሻ በመዳፉ ነካ ያደርጋል። መጀመሪያ ማበረታቻ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቼ ነው እየቆጠረን መሆኑን ያወቅሁት። ሦስት ሰው ይቆጥራል። ሦስት ሰው ሳይቆጠር አይታወቅም ወይ ብዬ በልቤ ስቄያለሁ።

ተኩሱ ሲብስ የመንደሩ ሰው ከተራራው እንዲወርድ ታዘዘ። መኪናዎች ፍራሽና ማቀዝቀዣ ጭነው ሲወርዱ ዋሉ። ሼባውም ቤተሰቡን ይዞ ቆላ ወዳሉት ዘመዶቹ ወረደ። እኛን መኪናው ላይ ሊጭነን አልቻለም፤ ከታች ተፍቲሽ አለ፤ ተፍቲሽ የሚሉት ወታደሮች መኪና አስቁመው ወረቀት የሚያዩበት ኬላ ነው። ሩዝ፣ ዱቄትና የታሸገ ዓሣ ትቶልን፣ ፍየሎቹን አደራ ብሎ፣ ዓይናችንን ሳያይ ሄደ። ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ግን ፍየሎቹንና እኛን አንድ ላይ ነው የቆጠረን።

ባዶ መንደር ውስጥ አራት ሰው ቀረን። ቡናው ደርሶ ነበርና ለቀማውን አላቆምንም፤ ለማን እንደምንለቅም ሳናውቅ እንለቅም ነበር። ሻምበል ስለ ጓዶቹ ያወራው በእነዚያ ሳምንታት ነው። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አላወራም። እጁ እየለቀመ፣ ዓይኑን ከቡናው ሳያነሳ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ነው የሚያወራው።

ቃኚ የሚሠራው መዋጋት አይደለም፣ ይል ነበር። ቃኚ ጠላት መሬት ገብቶ፣ ድንጋይ ሥር ተኝቶ፣ አይቶ ይመለሳል። ጥይት ከተኮሰ ሥራው ተበላሽቷል። ስድስት ነበሩ። ከስድስቱ ብዙ የሚያነሳው አስር አለቃ ደምሴ የሚባል የመርሳ ልጅ ነው። የሩቅ ማያ መነጽሩ በተራ ሲዞር የደምሴ ተራ እስኪደርስ ሁሉም ይጠብቃል። ሌላው ሰው መኪና ይቆጥራል፣ መድፍ ይቆጥራል። ደምሴ ግን ሰው ነው የሚያየው። ሦስት ቀን ሙሉ ከአንድ ገደል ላይ ተኝተው የጠላትን ምሽግ ሲያዩ ደምሴ እንዲህ ብሎ ሪፖርት አደረገ አለን፤ «መቶ አለቃ፣ አንዱ ሸሚዙን አጥቦ ድንጋይ ላይ አሰጥቷል። ሌላ ሸሚዝ የለውም፣ ራቁቱን ነው የተቀመጠ። ይሄ ሳይደርቅ ውጊያ አይጀምሩም።» አምስቱም ድምፃቸው እንዳይሰማ ክንዳቸውን ነክሰው ሳቁ። ሻምበል ይህንን ሲነግረን ሳቁ መጣበትና ቡናው ከእጁ ፈሰሰ። ያን ያህል ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኑርዬ «ከዚያስ?» አለው።

«ከዚያ ተመለስን። ስድስት ሄደን አምስት ተመለስን» አለ፤ ወደ ሌላው ቡና ተሻገረ። ኑርዬም እንኳን ሌላ አልጠየቀም።

ኑርዬ የተመታው ረፋድ ላይ ነው። ፍየሎቹን ከላይኛው እርከን ሊያወርድ ወጥቶ ነበር። ሻምበል «መጪ!» ብሎ ሲጮህ እኛ ካቡ ሥር ገባን፤ ኑርዬ ግን ሩቅ ነበር። ጭሱ ሲገፈፍ ፍየሎች ወድቀው ይጮኻሉ፤ ኑርዬ ከመሐላቸው ተቀምጦ እግሩን ያያል። ጭኑ ተከፍቶ አጥንቱ ይታይ ነበር። አልጮኸም። እኔን ሲያየኝ ያለው፣ ፍየሎቹን ለሼባው ምን ብለን እንነግረዋለን ነው።

ሻምበል ቀበቶውን ፈትቶ ከቁስሉ በላይ አሰረው፤ በቀበቶው ውስጥ እንጨት አስገብቶ አጠመዘዘው። ደሙ ቀነሰ። ከዚያ ለፍየሎቹ ጥላ የተዘረጋውን መረብ የሚይዙትን ሁለት ብረቶች ነቅሎ፣ ብርድ ልብስ ጠቅልሎባቸው፣ ቃሬዛ ሠራ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አልተጣደፈም፤ አልቆመምም። ከዚያ በፊት የማውቀው ድንጋይ የሚክብ ሽማግሌ አልነበረም ያን ሰዓት። «ሰይድ ፊት፣ ጀማል ኋላ። እኔ እግሩን እይዛለሁ። ያላ» አለ።

ያ ቁልቁለት ባዶ እጁን ለሚወርድ ሰው እንኳን ይከብዳል። መንገዱ ይዞራል፤ እኛ በመንገዱ መሄድ ፈርተን በእርከኖቹ ደረጃ ነው የወረድነው። ኑርዬ መጀመሪያ ያወራ ነበር፤ ስለ እናቱ፣ ስለ አንዲት በቅሎ። እየቆየ ዓይኑን ጨፈነ። ሻምበል በየእረፍቱ ቀበቶውን ያያል፣ ትከሻችንን ይነካል፣ እንቀጥላለን። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ከታች አስፋልቱ ታየን፤ አስፋልቱ ላይ ደግሞ ተፍቲሹ። አሸዋ የተሞላ ጆንያ፣ ባንዲራ፣ መትረየስ የተጠመደበት ፒካፕ።

ጀማል ቃሬዛውን አወረደ። እዚሁ መንገዱ ዳር እናስቀምጠው፣ የሚያልፍ መኪና ያየዋል፣ ሐኪም ቤት ይወስዱታል አለ። እኛ ከታየን ግን ከየመን የገባን ጠላት መስለን ልንመታ እንችላለን፤ ባንመታ ደግሞ ተርሂል ነው፣ ወደ አገር የሚጠርዙበት እስር ቤት። ለዚህ ነው ያን ሁሉ መከራ ያየን? አለ። ያለው ሁሉ እውነት ነበር።

ሻምበል ወደ እኔ ዞረ። ቀኝ ጆሮውን አዙሮልኝ ጠበቀ። አሁንም ድረስ ያን አጠባበቁን አያለሁ። እኔም «ያዩታል፣ ሻምበል። ከመንገዱ ቅርብ ነው፤ ያዩታል» አልሁት። ኑርዬ ዓይኑን ገልጦ ነበር። ሰምቶኛል።

ሻምበል አልተቆጣም። «እሺ፤ እናንተ ሂዱ» አለ። «እኔ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ።»

ያን ጊዜ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ነጭ የውስጥ ልብሱን አውልቆ በእንጨት ላይ አሰረና ኑርዬን ጀርባው ላይ ጫነው። እኛ አነሳንለት፤ ያን ብቻ ነው ያደረግነው። ከዚያ አስፋልቱ መሐል ወጥቶ፣ እንጨቱን ከፍ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ወደ ወታደሮቹ ሄደ።

እኔና ጀማል ካብ ጀርባ ተኝተን አየን። ወታደሮቹ ጮኹ፣ መሣሪያ ደገኑ። መትረየሱ ዞረበት። «ጀሪህ! ጀሪህ!» ይላል ሻምበል፤ ቁስለኛ ነው ማለቱ ነው። ተንበርከክ አሉት፤ ተንበረከከ። ኑርዬን መሬት ላይ አስተኛው። እጅህን ወደ ላይ አሉት፤ አንዱን እጁን ብቻ አነሳ። በሌላው ቀበቶው ውስጥ ያለውን እንጨት ይዟል፤ ከለቀቀው ደሙ ይፈሳል። አንድ ወታደር መጥቶ አፈሙዙን ጀርባው ላይ አስደገፈና ጮኸበት። አለቀቀም። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ ሌላ በዕድሜ የበሰለ ወታደር አጠገቡ ተንበርክኮ ነበር፤ ቁስሉን አየ፣ እንጨቱን ከሻምበል እጅ ተቀበለው። ያን ጊዜ ሻምበል ሁለቱንም እጁን አነሳ።

ሁለቱንም በፒካፕ ጭነው ወሰዷቸው። እኔና ጀማል ወደ ላይ ተመለስን። በሁለተኛው ቀን ጀማል ጂዛን ኢኮኖሚክ ሲቲ የቀን ሥራ አለ ሲባል ሰምቶ ብቻውን ወረደ፤ ዳግመኛ አላየሁትም። እኔ ከቀሩት ፍየሎች ጋር ሼባው እስኪመለስ ቆየሁ። መንደሩ ባዶ ስለሆነ ስዞር የማየው ሰው አልነበረም። ድምፅ በመጣ ቁጥር ሂያጅ ይሁን መጪ ሳለይ እደፋለሁ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቼ ከተማ ገበያ ላይ ተያዝሁና አገሬ ተጠረዝሁ። ኑርዬ እግሩ ድኖ፣ ግን አጥሮ፣ ከሻምበል ጋር እንደተመለሰ ሰማሁ። ኮምቦልቻ ሱቅ ከፍቼ ሳለ ኑርዬ ራሱ ፈልጎኝ መጣ። እያነከሰ ሱቁ በር ላይ ሲቆም የምገባበት ጠፋኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር አስቆመኝ። «ግማሽ ተራራ ተሸክመኸኝ ወርደሃል። እኔ ያን ነው የማስታውሰው» አለኝ። ሌላውንም እንደሚያስታውስ አውቃለሁ፤ ሰው ነው። ግን ከዚያ ወዲያ አንስቶት አያውቅም።

ወደ ሻምበል ለመሄድ ግን ወራት ፈጀብኝ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሐይቅ ሄድሁ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ዱቄት ለብሶ ተቀምጧል። በቀኝ በኩል ዞሬ ሰላም አልሁት። ተነስቶ አቀፈኝና እንደ ድሮው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ምንም ሳልል እሱ ጀመረ። ያን ቀን ወታደሮቹ ወደ ፒካፑ ሲጭኑት ዞሮ ተራራውን አይቶ ነበር። «አንተና ጀማል ሦስተኛውን እርከን ስትወጡ አየኋችሁ። ደኅና እንደወጣችሁ አውቄያለሁ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የወፍጮው ድምፅ ቆሞ ነበር፤ መብራት ጠፍቷል። የደምሴን ነገር ያን ቀን ነው የጨረሰልኝ።

ሸሚዝ ያሰጣውን ሰውዬ አይተው ሲመለሱ ተደረሰባቸው። ደምሴ ዳሌው ላይ ተመታ። ተሸክመውት ብዙ ሄዱ። አንድ ደረቅ ወንዝ ደረሱ፤ ከወንዙ ወዲያ ያለው ገደል ነው፤ በሁለት እጅ ካልተያዘ አይወጣም። ጠላት ከኋላ እየመጣ ነው። «በወሬ እንደሚባለው ተዉኝ አላለም» አለኝ ሻምበል። «ማንም እንደዚያ አይልም። ውሃ ስጡኝ ነው ያለ።» ኮዳውን ሰጠው። ካርታውን፣ ማስታወሻውንና ጠመንጃውን ግን ወሰደበት፤ ሕጉ ለጠላት ምንም አትተው ነው የሚል። «እንመለሳለን አልሁት። እሺ መቶ አለቃ አለኝ። እንደማንመለስ ሁለታችንም እናውቃለን።»

አምስቱ ገደሉን ወጡ። አራቱን አስቀድሞ ሻምበል ኋላ ቀረ። ከአናቱ ላይ ሆኖ ሰማው። ደምሴ ይጣራል። መቶ አለቃ አላለም፤ ሙህዬ ነው ያለው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም። ደጋግሞ ጠራው። ከዚያ የአንድ መሣሪያ ተኩስ ተሰማ፤ ድምፁም ቆመ።

ጦር ሰፈር ሲመለስ ሪፖርት ጻፈ። ሞተ ብሎ ቢጽፍ እንዴት ሞተ ይሉታል። ስለዚህ «የደረሰበት ያልታወቀ» ብሎ ጻፈ። ሁለት ቃል። ደምሴ ወላጅ የለውም፤ መርሳ ያሳደገችው አንዲት ታላቅ እህት ነበረችው። ያ ወረቀት ነው የደረሳት። ጦርነቱ አልቆ ምርኮኛ ሲመለስ አስፋልት ዳር ቆማ መኪና ሁሉ ታይ እንደነበር ሻምበል ከሰው ሰምቷል። እስከ አሁንም መርዶ አልተነገራትም፤ ለቅሶ አልተቀመጠችም።

ከጂዛን እንደተመለሰ መጀመሪያ የሄደው እሷ ዘንድ ነው። ጥለነው ሄድን ብሎ ነገራት። እሷም፣ ስትሄዱ ሕይወቱ ነበረች ወይ ብላ ጠየቀችው። ነበረች አላት። «እንግዲህ በሕይወት ያለ ሰው ነው የተዋችሁ» አለችና ከቤቷ አስወጣችው። ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ በር አልከፈተችለትም።

«ድምፁ ሲቆም መስማትህን አልነገርሃትም?» አልሁት።

«አልነገርኋትም» አለ። «ያን ልናገር ስል አፌ አልታዘዝ አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችውን እኔ ዳግመኛ እንድገድለው?»

መብራቱ መጣና ወፍጮው ጮኸ። ተነስቶ የአንዲት ሴትዮ ጆንያ ሊያወርድላት ሄደ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተገናኘን፤ ያን ነገር ግን ደግመን አላነሳነውም።

በሻምበል ለቅሶ ሦስተኛ ቀን ነው የደምሴ እህት የመጡት። እትዬ የሺ ይባላሉ። በዱላ የሚሄዱ፣ ጥቁር ነጠላ የለበሱ፣ ማተብ ያሰሩ አሮጊት። ሐይቅ እስላምና ክርስቲያኑ ለቅሶ አብሮ ነው የሚቀመጥ፤ ስለዚህ ማንም ማን ናቸው ብሎ አልጠየቀም። የሻምበል ሚስት ወይዘሮ ዘሀራ አጠገብ ጥቂት ተቀመጡና፣ አረብ አገር አብሮት የነበረ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ወደ እኔ ጠቆሟቸው። ከድንኳኑ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ በራቸው ላይ እስከ ቀትር ተቀምጦ እንደሄደ ነገሩኝ። በቀዳዳ ያዩት ነበር። አራተኛ ቢመጣ ሊከፍቱለት አስበው ነበር። እሱ አልመጣም፤ የመጣው መሞቱ ነው።

«ስለ ወንድሜ የነገረህ ነገር አለ?» አሉኝ። «እኔ ጥለነው ሄድን ካለኝ ወዲያ ያለውን አልሰማሁትም።»

የሸሚዙን ነገር ነገርኋቸው። ራቁቱን የተቀመጠውን ሰውዬ፣ ይሄ ሳይደርቅ ውጊያ የለም ማለቱን፣ አምስቱ ክንዳቸውን ነክሰው መሳቃቸውን። እትዬ የሺ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ልጅ ሆኖ እንዲያው ነበር አሉ፤ የጎረቤት ቤት ምን እንደተበላ ከጭሱ ያውቅ ነበር፤ እሳቸውም ስንት ጊዜ ገርፈውታል።

ከዚያ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ቀና አሉ። «መጨረሻውስ?»

ተራራው ሥር፣ መንገዱ ዳር፣ ያዩታል ያልሁባት ሰዓት ናት ወደ ልቤ የመጣች። አሁንም አላውቅም ማለት እችል ነበር። በሰላም ነው የሞተ ብልም የሚያስተባብለኝ ሰው የለም። የሚያውቀው ሰው ሞቷል።

«ሻምበል ከገደሉ ላይ ሆኖ ሰምቶታል» አልኋቸው። «ደምሴ ሲጣራ ነበር። በስሙ፣ ሙህዬ እያለ። ከዚያ ተኮሱበት። ድምፁ ቆመ። ሞቷል፣ እትዬ። ያን ቀን እዚያው ሞቷል። ይህን ለእርስዎ መናገር አቅቶት ነው በርዎ ላይ የተቀመጠው።»

አንዲት መኪና ጥሩምባ እየነፋች አለፈች። ልጆች ውሃ ይዘው ወደ ድንኳኑ ገቡ።

«ያን ቀን» አሉ እትዬ የሺ።

«ያን ቀን።»

«ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

ሊነሱ ሲሞክሩ ክንዳቸውን ያዝሁ። ወደ ድንኳኑ መለስኋቸው። ወይዘሮ ዘሀራ ፊት ቆሙና፣ እኔ ወንድሜን አላለቀስሁትም፤ ዛሬ ነው መርዶው የደረሰኝ፤ ከባልሽ ለቅሶ ላይ ባለቅስ ትቀየሚያለሽ ወይ ብለው ጠየቁ። ዘሀራ ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ አለችና ቦታ ለቀቀችላቸው።

እትዬ የሺ ነጠላቸውን ከወገባቸው አስረው «ደምሴ!» አሉ። ድምፃቸው መጀመሪያ ደክሞ ነበር፤ ከዚያ ከፍ አለ። ማን እንደሆነ የማያውቁት፣ አይተውት የማያውቁት የሐይቅ ሴቶች አንድ በአንድ እየተነሱ ከእሳቸው ጋር ለደምሴ አለቀሱ።